ከሸሚዝ ቁልፍ ያነሰ ሰው

መቱ ውስጥ ሰላምታ የሚነፍግ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ ያኮረፈ ነው፣ ወይ የተሾመ። እኔ ማንንም አላኮረፍኩም። ግን ልክ በዚያ ሰሞን በዞኑ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የመዝገብ ቤት ቡድን መሪ ሆኜ ተመድቤ ስለነበር፣ ከተማው ፍርዱን ለመስጠት አልተቸገረም። «ከተሾመ ወዲህ ሰው አያይም» ተባልኩ። ውሸት ነው ብዬ ልከራከር አልችልም፤ በእርግጥም ሰው አላይም ነበር። ለምን እንደማላይ ግን እነሱም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም።

ሹመት ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። የተሾምኩት በሦስት ሠራተኛ፣ በአንድ የሚያፈስ ጣሪያና የኢሉባቦር ዝናብ ባሻገተው የፋይል ክምር ላይ ነው። የድሮዎቹ ፋይሎች በአማርኛ፣ የኋለኞቹ በኦሮምኛ ቁቤ የተጻፉ ናቸው፤ ሻጋታው ግን አንድ ነው።

ከቤቴ እስከ ቢሮ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፤ ሰላምታው ሲጨመርበት አርባ ይሞላል። እኛ አገር ሰው ሲገናኝ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ አያልፍም። ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ ይዘረጋል፤ የቤተሰቡን፣ የከብቱን፣ የቡናውን ደህንነት ይጠይቃል፤ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርሳል። የተዘረጋ እጅ ሳይጨበጥ ከቀረ ነገሩ ቀላል አይደለም። ባለቤቱ እጁን ብቻውን ይዞ ወደ ቤቱ አይመለስም፤ ወሬም ይዞ ይመለሳል።

እኔ ደግሞ የስንቱን እጅ አየር ላይ አንጠልጥዬ እንዳለፍኩ እግዜር ይወቀው። የሰው ፊት ጥርት ብሎ ይታየኛል፤ እጁ ግን ከወገቡ አካባቢ፣ እኔ ከማየው ክብ ውጭ ነው የሚዘረጋው። ያኔ ክብ መኖሩን እንኳ አላውቅም ነበር። ሰው ሁሉ እንደ እኔ የሚያይ ይመስለኝ ነበር።

ዓይኔን እንዳልጠረጥር ያደረገኝ ጥራቱ ነው። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ማኅተም ላይ ያለውን ደብዛዛ ጽሑፍ አነባለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ የማይነበብ ፊርማ ሲያጋጥማቸው ወደ እኔ ይሮጣሉ። ባለቤቴ መርፌ ሲጠፋባት የምትጠራው እኔን ነው፤ ቆሜ ወለሉን በዓይኔ እለቅምና አገኝላታለሁ። በዚያው ሳምንት ግን በራችን ላይ የተኛች የጎረቤት ፍየል ላይ ወደቅኩ። ፍየሏ ጮኸች፣ እኔም ጮህኩ። ባለቤቴ ብቅ ብላ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየችንና፣ «አንተ ሰው፣ መርፌ ያየ ዓይን ፍየል እንዴት ይስታል?» አለችኝ። እኔ ፍየሏን ሰደብኩ።

ከሁሉ የከፋው ከፀሐይ ወደ ጥላ መግባት ነበር። አንድ ቀን ከጠራራ ፀሐይ ለቅሶ ድንኳን ገባሁ። ዓይኔ ጨለመ። የሰው ዓይን እንዲህ ሲሆን ትንሽ ቆሞ መጠበቅ ደግ ነው፤ እኔ ግን ቡድን መሪ ነኝና መሃል ድንኳን ላይ መገተሩን አልወደድኩትም። ባዶ ወንበር የመሰለኝ ላይ ዘፍ አልኩ። ወንበሩ ሞቀኝ። ለካ በሟች ወገን የሆኑ አንዲት እትዬ ጭን ላይ ነው የተቀመጥኩት። ሴትዮዋ ለቅሷቸውን አቋርጠው፣ «ማሎ! የሞተብኝ አንሶ ደግሞ አንተ?» ሲሉ የድንኳኑ ሰው ሁሉ በነጠላው አፉን ሸፈነ። ለቅሶ ላይ መሳቅ ነውር ስለሆነ የብዙ ሰው ትከሻ በሳል ተንቀጠቀጠ። ሠርግ ላይ ደግሞ ጉርሻ ያስቸግረኝ ነበር። ከጎን የሚመጣ ጉርሻ አይታየኝም፤ «በሞቴ!» ሲባል ድምፁን ተከትዬ ዞር ስል ክትፎው ጆሮዬ ላይ ያርፋል። የባለቤቴ አክስት ጉርሻቸውን ጠልቼ ፊቴን ያዞርኩ መስሏቸው እስከ ፋሲካ አላናገሩኝም።

መነጽር ያስፈልገኝ ይሆን ብዬ አንድ ክሊኒክ ገባሁ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዓይን መመርመሪያ ሰንጠረዥ እስከ መጨረሻው ረድፍ አነበብኩት፤ ሳልጠየቅ ከሥር በደቃቁ የተጻፈውን የማተሚያ ቤት አድራሻ ጨመርኩበት። ባለሙያው፣ «ጋሼ፣ እርስዎ መነጽር አያስፈልግዎትም፤ ይልቅ ዓይንዎን ለእኔ ቢያውሱኝ» አለኝ። በደስታ ወጥቼ ይህን ለከተማው ሁሉ አወራሁ። ሞኝነቴ ይህ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ «ምናልባት አላየን ይሆናል» የሚል አንድ ሁለት ደግ ሰው ነበር፤ እነሱም ከዚያ ወዲያ ሐሳባቸውን ለወጡ።

ጅማ ድረስ የላከኝ ባጃጅ ነው። ግራና ቀኝ አየሁ ብዬ መንገድ ስሻገር ከየት እንደመጣ ሳላውቀው የኮቴን ጫፍ ይዞብኝ ሄደ። ሾፌሩ ወርዶ የሰደበኝን ስድብ እዚህ አልደግመውም፤ ብቻ ከስድቡ መሃል «ዓይንህን ተመርመር!» የምትለዋ ምክር ጠቀመችኝ። ለሥራ ነው ብዬ በበደሌ በኩል ጅማ ሄድኩ።

እዚያ ግማሽ ቅል የመሰለ ነጭ ሳህን ውስጥ አገጬን አስገብቼ፣ የብርሃን ነጥብ ባየሁ ቁጥር እጄ ላይ ያለውን ነገር እንድጫን ተነገረኝ። አንድ ሁለት ጊዜ ተጫንኩና ጠበቅኩ። በጣም ጠበቅኩ። ምርመራውን የምታካሂደው ልጅ መጥታ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

«አባቴ፣ እንቅልፍ ወሰደዎት እንዴ?»

«ኧረ የለም፤ ብርሃኑ እስኪመጣ እየጠበቅኩ ነው።»

«ብርሃኑማ ሲበራ ሲጠፋ ነው የቆየው» አለችኝ፤ ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ አስረዳዱ ግን የትልቅ ሰው ነው። ከዓይን ጀርባ ሬቲና የሚባል ስስ ሽፋን እንዳለ፣ ብርሃን የሚቀበለው እሱ እንደሆነ፣ የእኔው ከዳር ጀምሮ ወደ መሃል እየሞተ እንደመጣ ነገረኝ። ወረቀት ጠቅልሎ እንደ ቧንቧ ዓይኑ ላይ አደረገና፣ «እርስዎ በዚህ ነው የሚያዩት» አለኝ። «መሃሉ ደህና ስለሆነ መርፌ አይጠፋዎትም። ዳሩ ስለሌለ ፍየል ይጠፋዎታል። ጨለማና ጥላ ደግሞ ይብስብዎታል።» መነጽር አይረዳውም፤ ለጊዜው የሚያድነው መድኃኒትም የለም አለ። ቀጠለና፣ ከቤተሰብ ማየት የሚቸገር ሰው ነበረ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

«የለም» አልኩት። «አባቴ ብቻ ናቸው አመሻሽ ላይ እየወደቁ ያስቸገሩ፤ እሳቸው ደግሞ የሚወድቁት ጠጥተው ነው።»

ይህን ስል የራሴን ድምፅ ሰማሁት። አባቴ ኡካ አጠገብ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። ፀሐይ ጥልቅ ስትል ከእርሻ ሲመለሱ ቦይ ውስጥ ይገባሉ፣ የሰው አጥር ያፈርሳሉ። አገሩ በሙሉ ሰካራም ናቸው ይል ነበር። እሳቸው «አልቀመስኩም» ብለው ቢምሉ ሰሚ አጡ። እናቴ አፋቸውን አሽታ ምንም ስታጣ፣ «ሽታ የሌለው አረቄ መጥቷል ማለት ነው» ትል ነበር። ሰውዬው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳይጠጡ ሰከሩ። እኔም ሐሜቱን አምኜ ነበር፤ ከጓደኞቼ ጋር ሆኜ መንገድ ላይ ሳገኛቸው ያፈርኩባቸው ቀን አለ። ሐኪሙ ፊት እንባዬ መጣ። እሱ ለዓይኔ ያለቀስኩ መስሎት አጽናናኝ።

«ልጅ አለዎት?» አለኝ በመጨረሻ። አንዲት ሴት ልጅ እንዳለችኝ ነገርኩት። በዘር የሚተላለፍ ስለሆነ እሷም መጥታ ብትታይ ጥሩ ነው አለ።

ወረቀቱን ይዤ መቱ ተመለስኩና የሙያዬን ሠራሁ፤ ማንም የማይጠይቀው አንድ የሻገተ ፋይል ውስጥ ቀበርኩት። ለማንም አልተናገርኩም። እውነቱን ልናገርና፣ «ኮራ» መባል «ታወረ» ከመባል ይሻለኝ ነበር። ኩሩ ሰው ይታማል እንጂ አይታዘንለትም።

ወር ሳይሞላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጄ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። መቱ ውስጥ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች።

«አባዬ፣ ቡሬ ላይ የበደልከው ሰው አለ?»

እዚሁ ኢሉባቦር ወዳለው ቡሬ ለሥራ ከሄድኩ ሁለት ወር ቢያልፈኝ ነው። የወረዳውን መዝገብ ቤት አይቼ ተመለስኩ እንጂ ማንን እበድላለሁ? እሷ ግን ሙሉውን ታሪክ ታውቃለች። ቡሬ ውስጥ ቡና የሚያመርት፣ ማርም የሚነግድ አንድ ወዳጅ አለኝ። ከዓመታት በፊት የጠፋበትን የመሬት ፋይል ሦስት ቀን ሻጋታ ውስጥ ቆፍሬ አግኝቼለት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ወንድም ነው የሚያየኝ። ለካ የዚያን ቀን ከመናኸሪያው ስወጣ አይቶኝ ሮጦ መጥቷል። ጎኔ ቆሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ እጁን ዘርግቷል። እኔ ቆምኩ። ጎንበስ አልኩ። እግሩ ሥር የወደቀች አንዲት ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ አነሳሁ፣ አቧራዋን እፍ አልኳት፣ ኪሴ ከተትኳትና ሄድኩ። መናኸሪያው ሙሉ ሰው ነው ያየው።

ቁልፏን አስታወስኳት። ከሸሚዜ የወለቀች መስላኝ ነበር።

«እና ይሄ አንቺን ምን አገባሽ?» አልኳት።

«ልጃቸው ሽማግሌ ሊልክ ነበር፤ ለእኔ» አለች። «አባቱ እምቢ አሉ። ከሸሚዝ ቁልፍ አሳንሶ ያየኝ ሰው ደጅ ሽማግሌ አልልክም ብለዋል።»

ልጄ የሚያገባት ሰው እንዳላት የሰማሁት እንዲህ፣ እምቢ ከተባለች በኋላ ነው። ልጁ ቡሬ ውስጥ አስተማሪ ነው፤ የተዋወቁት እዚሁ መቱ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ ነው። ስትነግረኝ አላለቀሰችም፤ የቀሚሷን ጠርዝ ግን ደጋግማ ታጥፍ ነበር። እንደዚያ ስታደርግ ያየኋት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት ስትጠብቅ ብቻ ነው።

ሌሊቱን ሳይሆን ሳምንቱን ሙሉ አሰብኩበት። «አላየሁህም» ብለው ለምን ይላል። «ዓይኔን ታምሜ ነው» ብለው ምን ዓይነት በሽታ ነው ይላል። «ከዘር የመጣ ነው» ብለው ደግሞ ልጄን ማን ያገባታል? አባትየው ስለተናቀ የቀረ ጋብቻ በይቅርታ ይመለሳል፤ በዘር የቀረ ግን በምን ይመለሳል? ስለዚህ ወሰንኩ። ቡሬ ሄጄ ጥፋተኛ ነኝ እላለሁ። ዓይኔ ደህና ነው፣ እኔ ግን ባለጌ ነኝ።

ጎረቤቴን ባለሱቁን ይዤ ሄድኩ። ጃርሳዎቹ፣ የቡሬ ሽማግሌዎች ማለት ነው፣ በወዳጄ ግቢ አቮካዶ ዛፍ ሥር ተሰይመዋል። ትልቁ ሽማግሌ ክሱን ከባርኔጣው መውለቅ እስከ ቁልፏ ድረስ ዘርዝረው አቀረቡ። ሦስት ምስክር ተዘጋጅቷል። አንደኛው ቁልፏ ባለአራት ቀዳዳ እንደነበረች ሳይቀር ሊመሰክር ነው የመጣው።

«ምን ትላለህ?» አሉኝ።

«እውነት ነው። አይቼዋለሁ። ኮርቼ ነው ያለፍኩት።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሰው በአገራችን እንዲህ ባንድ ጊዜ አያምንም፤ ቢያንስ ግማሽ ቀን ይካዳል፣ ይማላል፣ ይለመናል። ትልቁ ሽማግሌ ቅር እያላቸው፣ «ኧረ ልጄ፣ ትንሽ እንኳ አስተባብል እንጂ» አሉኝ። ባለሱቁ ጎረቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ወላሂ ብቻህን ብትመጣ ይሻል ነበር፤ እኔ ለክርክር ነው የተዘጋጀሁት» አለኝ።

በግ አርጄ አብረን እንድንበላ፣ ከዚያ በፊት ግን እጅ ለእጅ ተጨባብጠን ይቅር እንድንባባል ተፈረደ። ተነሥተን ቆምን። እኔ የጸጸት ፈገግታ ፈገግ ብዬ የወዳጄን ፊት፣ ጢሙን አየሁ። እሱም አየኝ። ቆምን። አሁንም ቆምን። ከኋላዬ ማጉረምረም ተጀመረ። «እጁን! ኧረ እጁን!» አለ ጎረቤቴ። ወደታች ሳይ እጁ ተዘርግቶ ቆይቷል፤ ልጨብጠው ስል ሰብስቦታል። አንዱ ምስክር፣ «ደገመው!» ብሎ ጮኸ።

ወዳጄ ግን አልጮኸም። ቀረብ አለኝና፣ ሊገዛው የመጣውን በሬ እንደሚፈትን ሰው፣ መዳፉን ከጆሮዬ አጠገብ አንሥቶ ቀስ እያለ ወደ አፍንጫዬ አመጣው። አፍንጫዬ ጋ ሲደርስ ደንግጬ ወደ ኋላ አልኩ። በሌላው ጎን ደገመው። አሁንም ደነገጥኩ።

«ነ ሂን አርጉ!» ብሎ ጮኸ። «አያየኝም! ሰማችሁ? አልናቀኝም፣ አያየኝም እኮ ነው!» አቀፈኝ፤ አገላብጦ ሳመኝ። ሽማግሌዎቹ እልል ለማለት ጥቂት ቀራቸው። እኔ እየታወርኩ መሆኔን አውቆ እንደዚያ የተደሰተ ሰው አላየሁም፤ ደስታው ከልቡ ስለነበረ መቀየምም አልቻልኩም።

ትልቁ ሽማግሌ ግን ዓይናቸውን ከእኔ አላነሱም። «ይሄ ነገር» አሉ፤ «ከዘር ነው?»

የመዝገብ ቤት አቧራ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ከአጥሩ አጠገብ ቆሞ የነበረው የወዳጄ ልጅ ቀደመኝ።

«ከዘር ነው» አለ። ወደ እኔ ዞሮ ጎንበስ አለ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከተጠየቅኩ እንዳልዋሽ ልጅዎ አደራ ብላኛለች። እሷንም ጀምሯታል። ከነገረችኝ ሁለት ዓመት ሆኖናል።»

ልጄ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት የምትገባ ልጅ ናት። ሰፈሩ «ጨዋ» ይላታል፤ ሌሎች እናቶች ለሴት ልጆቻቸው በምሳሌነት ይጠቅሷታል፤ እኔም አስተዳደጌ ነው እያልኩ በየደረስኩበት ኮርቼበታለሁ። ጨለማ ውስጥ መንገዱን ስለማታይ እንደነበር ያወቅሁት የቡሬ ሰው ሁሉ ፊት ነው። አባቴን ያሰከረ፣ እኔን ያኮራ በሽታ እሷን ጨዋ አድርጓታል። ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ፤ እንደ እድል ሆኖ ወንበር ነበር።

ወዳጄ ልጁን «እና?» አለው። ልጁም «እናማ ሽማግሌ ላክልኝ» አለው። ወዳጄ ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረ። «እኔ ላንዲት እጅ ሁለት ወር አኩርፌ አገር በጠበጥኩ» አለ። «ይሄ ልጅ ይህን ያህል ነገር ይዞ ሁለት ዓመት ትንፍሽ አላለም።» ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረና የሚቀጥለው እሑድ ይመቻቸው እንደሆነ ጠየቃቸው። ትልቁ ሽማግሌ፣ ቤቴ ሲደርሱ እጃቸውን ከፍ አድርገው እንደሚዘረጉ ቃል ገቡልኝ።

በዚያው ቀን ሚኒባስ ይዤ ተመለስኩ። ልጄ የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች ነበር። መንገዱን ሙሉ ለመቆጣት ስዘጋጅ ነው የመጣሁት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ?» አለችኝ ቀና ሳትል።

አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ሁሉንም ነገረችኝ። እሷ ጅማ የሄደችው ከእኔ በፊት ነው። ሐኪሙ አባትሽ ያያል ወይ ሲላት፣ መርፌ ሳይቀር ያያል ብላ መልሳለች። ቤት ተመልሳ ስታየኝ ግን ነገሩ ገብቷታል። ያልነገረችኝ፣ እኔ ነኝ ያወረስኳት ብዬ እንዳልሠቃይ ነው።

«እኔ ነኝ እኮ ያወረስኩሽ» አልኳት።

«ይሄን የማይበጠር ጸጉርም አንተ ነህ ያወረስከኝ» አለች። «ለእሱ አንድ ቀን ይቅርታ ጠይቀህ አታውቅም።»

ሳቅኩ፤ እያለቀስኩ ነው የሳቅኩት። እሷም ሳቀች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ፊቴን ትኩር ብላ አየችኝ።

«አባዬ፣ አንተ ቀድመኸኛል» አለች። «ለእኔ ቀጥሎ የሚመጣው ምንድን ነው?»

እንደ ቡሬው ለመዋሸት ፈልጌ ነበር። አልቻልኩም። «አሁን የሚያስቸግርሽ ምሽቱ ነው» አልኳት። «ቀጥሎ በቀንም ከጎንሽ ያለው እየጠፋ ይሄዳል። ሰው አጠገብሽ ሲደርስ አይታወቅሽም፤ በዚህ አትፈሪ፣ ንገሪያቸው። ከዚያ ከእግርሽ ሥር ያለው ይሄዳል። ያኔ ደረጃ ስትወርጂ ቁጠሪ፤ ቤትሽ ውስጥም ወንበር ከቦታው አታስነሺ።»

እንደ ተማሪ በጥሞና ሰማችኝ። «ከዚያስ?» አለች።

«ከዚያ ወዲያ ያለው ጋ እኔም ገና አልደረስኩም» አልኳት። «ስደርስ እነግርሻለሁ።»